ለዘርጌ የተጠረገች ቀጋ

አንድ ነጋዴ ነበር። ዘርጋው ይባላል። ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ቁጭ ማለት የማይሆንለት፣ ምሳውን እንኳ ቆሞ የሚበላ ሰው ነበር። ይህ ሰው አባቱን አባባ ሽብሩን እጅግ ይወድ ነበር። አባባ ሽብሩ ግን ካረጁ ወዲህ ትዝታቸው እየከዳቸው ሄደና በመጨረሻ ያንኑ አንድ ልጃቸውን ዘነጉት። ጠዋት ሲያዩት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እንደ እንግዳ ይቀበሉታል። «እንደምን አደሩ ጌታዬ? ቤተሰብ ደህና ነው?» ይሉታል። ዘርጋው ፈገግ ብሎ ይመልስና ወጥቶ መኪናው ውስጥ ያለቅሳል።

አንድ ቀን ወዳጁ ስለ አንድ የዕፅዋት ማዕከል አወራለት። የተተከለው የአገር ዛፍ ብቻ ነው፤ ወይራው፣ ኮሶው፣ ብሳናው፣ ሾላው ሁሉ አለ። ዘርጋው ልቡ ዘለለ። «አባቴ ገበሬ ነው። ያደገበትን ዛፍ ካየ እኔንም ያስታውሰኛል» አለ። እሑድ ሲደርስ አባቱን፣ ሚስቱን ስንዱንና ትንሿን ልጁን ቤዛን ይዞ ሄደ።

ገና ከበሩ ጥድፊያው ተጀመረ። ስንዱ ያዘጋጀችውን ምሳ እንኳ ከመኪና አላስወረዳትም። አባቱን በክንዳቸው ይዞ ከዛፍ ዛፍ ያዞራቸው ጀመር።

«አባዬ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?»

«ወይራ ነዋ» አሉ ሽማግሌው።

«እኔንስ? እኔን ታውቀኛለህ?»

አባባ ሽብሩ በትሕትና አዩት። «ደግ ሰው መሆንዎን አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ወደ ኮሶው ተጣደፉ። ሽማግሌው ዛፉን ለዩት፤ ልጃቸውን አልለዩትም። ብሳናውም ዘንድ እንደዚያው ሆነ። ዘርጋው ግን ባልተሳካለት ቁጥር እርምጃውን ይጨምራል እንጂ አይቆምም። ቤዛ እግሬን አመመኝ አለች። ሽማግሌው ማለክለክ ጀመሩ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው!» አለች ስንዱ። «ፈተና ላይ አስቀመጥካቸው እኮ። ትንሽ ይረፉ፤ እኛም አብረናቸው እንቀመጥ።»

«ምን ጊዜ አለና ነው? ሾላውን ገና አላየም። በልጅነቴ ደጃችን ላይ ሾላ ነበረን፤ እሱን ካየ አለቀ። እናንተ እዚህ ጠብቁኝ፣ የት እንዳለ አይቼ መጣሁ።» ይህን ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ሮጠ።

ሦስቱ መንገድ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጎኑ የቀጋ ቁጥቋጦ ነበር፤ ፍሬው ቀልቷል። አባባ ሽብሩ ትንፋሻቸው ሲመለስ እጃቸውን በእሾሁ መሐል አሹልከው አንዲት ፍሬ ቀጠፉ።

«አባባ! ሰሌዳው መቁረጥ ክልክል ነው ይላል» አለች ቤዛ።

አልሰሟትም። ቀጋዋን በጥፍራቸው ለሁለት ከፈሏት። ቀጋ ውስጧ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጸጉራም ዘር አለባት፤ ትልቅ ሰው ጠርጎ ካልሰጠው ልጅ ሲበላት ያስለዋል። ሽማግሌው ዘሩን ጠረጉ፣ እፍ አሉበት፣ ደግመው ጠረጉ። ከዚያ ቀና አሉና ስንዱ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ተጣሩ።

«ዘርጌ! አንተ ዘርጌ! ና፣ ብላ!»

ስንዱ ከመቀመጫዋ ተወርውራ ተነሣች። መንገዱ ላይ ማንም የለም። «ዘርጋው!» ብላ ጮኸች፤ እሱ ግን ርቆ ሄዷል። ሽማግሌው ደጋግመው ተጣሩ። መልስ ሲያጡ ድምፃቸው እየቀነሰ መጣና ዝም አሉ።

ዘርጋው ላብ አጥምቆት ተመለሰ። «አገኘሁት! ተነሡ፣ ቅርብ ነው!»

«ጠርተውህ ነበር» አለች ስንዱ እያለቀሰች። «በስምህ። ዘርጌ ብለው።»

ሰውዬው አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። «አባዬ፣ መጣሁ። እኔ ነኝ፣ ዘርጌ ነኝ።»

አባባ ሽብሩ በአዘኔታ አዩት። «እርስዎም ልጅ ጠፍቶብዎት ነው? የእኔም አሁን እዚሁ ነበር። መቀመጥ አይሆንለትም፤ ሲሮጥ ነው የሚውለው።» የተጠረገችውን ቀጋ በዘርጋው መዳፍ ላይ አኖሯት። «ካገኙት ይስጡልኝ። ዘሩን አውጥቼዋለሁ፤ አያስልህም ብለው ይንገሩት።»

«እሺ፣ እሰጠዋለሁ» አለ ዘርጋው። ከአባቱ ጎንም ተቀመጠ። ሾላውን ዳግመኛ ማንም አላነሣም። ስንዱ ምሳውን ከመኪና አመጣች፤ በሩ ሊዘጋ ነው እስኪባሉ ድረስ እዚያው ወንበር ላይ ቆዩ። ያ ስም በዚያ ቀን ተመልሶ አልተጠራም። ዘርጋው ግን ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አባቱን ይዞ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ምንም አይጠይቃቸውም።

ወዳጆቼ፣ እኔ በዘርጋው አልፈርድበትም። ያሮጠው ፍቅር ነው፤ ፍርሃትም አለበት። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይህን ያህል ባላንገበገበኝ። ያንገበገበኝ አባቱ እንዲጠሩት ሲደክም ውሎ፣ ሲጠሩት አለመኖሩ ነው። እኛም ከዚህ የተሻልን አይደለንም። ለልጆቻችን ብለን ስንሮጥ ልጆቻችን ያለ እኛ ያድጋሉ፤ ለእናታችን መድኃኒት ፍለጋ አገር ስናስስ እናታችን የምትፈልገው አጠገቧ እንድንቀመጥላት ነው። የምንወደውን ሰው በሩጫ ልናድነው አንችል ይሆናል። ሲጠራን ግን «አቤት» ልንለው እንችላለን፤ ለዚያ አጠገቡ መገኘት ይበቃል።

አሁን፣ ይህን በምታነቡበት ሰዓት፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ስማችሁን የሚጠራ ማን ነው? እናንተስ የት ናችሁ?