ማርከሻውን ያስቀረው ጎረቤት

አንዲት ባክቴሪያ የጎረቤቷን በር እየደበደበች ነው። ያለነው ከእንሰት ጓሮ አፈር ሥር፣ ዓይን የማያያቸው ነዋሪዎች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ሰፈር ነው። የምትደበድበው ሰማያዊቷ ናት። በሩን ዘግቶ የተቀመጠው ደግሞ ግራጫው ነው። ዘራቸው ይለያያል፤ ድንበራቸው ግን አንድ ነው። በበጋ የወደቀውን ቅጠል አብረው ሲያላምጡ ኖረዋል። ዝናብ ሲጥል ከአፈር የሚነሣው ያ ሽታ የእነሱ ነው። የሁለቱም ሙያ መርዝ ቅመማ ነው። ሰው ይህንኑ መርዝ አጣርቶ ለቁስሉና ለሳሉ መድኃኒት ያደርገዋል። እነሱ ግን ለሰው ብለው አልቀመሙትም፤ ለደጃቸው ነው።

“አንተ! ሞተሃል ወይስ ተኝተሃል?”

“በጠዋቱ ምን ሆንሽ? እሳት ልትጭሪ ነው?”

“ቤቴ እየተቃጠለ እሳት ምን ያደርግልኛል! ሥር በሊታዎቹ አበስባሾች ገብተዋል። በበሰበሰው ሥር በኩል ነው የመጡት። የእኔን መርዝ እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት። ዘሬን ገና አልበተንኩም፤ ከደረሱበት አለቀልኝ። የአንተን መርዝ አሠራር ስጠኝ።”

ይኼ ልመና አፈር ውስጥ ነውር አይደለም። እነዚህ ፍጥረታት የሚያውቁትን ሁሉ የሚይዙት በክር ላይ ነው። ክንድና ክንድ ሲነካካ ግድግዳ ይከፈታል፤ አንዱ ከክሩ ላይ ቀድቶ ለሌላው ያቀብላል። የሌላ ዘር ነህ፣ የወዲያ ማዶ ነህ ብሎ ነገር የለም። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ መርዝ የሚሰጥ ማርከሻውን አስቀድሞ ይሰጣል። መርዝ ወዳጅ ከጠላት አይለይም፤ ቀማሚው ማርከሻ ከሌለው ከራሱ ነው የሚጀምረው። አባቶች ይህን ስለሚያውቁ ሁለቱን በአንድ ክር ላይ፣ ጎን ለጎን አስፍረዋቸዋል።

ግራጫው ክንዱን ዘረጋ። ዘርግቶ ግን ቆም አለ። አየህ፣ ክፉ አልነበረም፤ ብልጥ ነበር። “ማርከሻውን ከያዘች ነገ መርዜን አትፈራም” ብሎ አሰበ። “ካልፈራች ደግሞ ድንበሬን ትገፋለች። ለጊዜው መርዙን ልስጣት፤ ማርከሻውን ነገሩ ሲረጋ እሰጣታለሁ።” ክሩን መሃሉ ላይ በጠሰና መርዙን ብቻ አቀበላት።

“ክሯ አጭር ሆነችብኝ” አለች ሰማያዊቷ እየተቀበለች። “ማርከሻው አለበት?”

“አንቺ ደግሞ! ጎረቤቴን ልግደል እንዴ?”

“እሱስ እውነትህን ነው” ብላ ሳቀችና ወደ ደጇ ዞረች።

ቀመመችው። አበስባሾቹ እንደ ገለባ ረገፉ፤ የተረፉት ወደ በሰበሰው ሥር ሸሹ። “የት ትሄዳላችሁ? ገና ምሳ መች ቀረበና!” እያለች ስታሾፍባቸው በግድግዳው በኩል ይሰማል። ግራጫውም አብሯት ሳቀ። በሳቋ መሃል ድምጿ ቁርጥ አለ።

ይኼኔ ደነገጠ። ደብቆ ያስቀረውን ክር ይዞ ዘለቀና እጇ ላይ አኖረላት።

“ይኼው! ይኼው ማርከሻው፣ ቶሎ በይ እንጂ!”

ሰማያዊቷ ክሩን አየችው፤ እሱንም አየችው። አልተቆጣችም።

“ይኼ እኮ አሠራሩ ነው እንጂ ማርከሻው አይደለም” አለችው። “ማርከሻውን የሚሠሩት ጓዳዬ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ነበሩ። መርዝህ መጀመሪያ የጣለው እነሱን ነው። አሁን ማን ይሥራው?”

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ዘሯም ሳይበተን በውስጧ ቀረ።

ግራጫው ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። የከሰሰው የለም፤ አፈር ውስጥ ችሎት የለ። “ልሰጣት እኮ ነበር” ይላል ለራሱ። እውነቱን ነው፣ ሊሰጣት ነበር። ምን ዋጋ አለው? “ሊሰጣት ነበር” የሞተ አያስነሣ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰውን ቁጣ ካስተማርከው ማብረጃውንም አስተምረው። ጉልበት ከሰጠኸው ልጓሙንም አብረህ ስጠው። ግማሹን ሰጥተህ “ደረስኩለት” አትበል፤ ግማሽ ዕውቀት ከነጭራሹ ካለማወቅ የባሰ ገዳይ ነው። ያስቀረኸው ደግሞ ለአንተ የተረፈ አይምሰልህ። ለወዳጅህ በጊዜው ያልደረሰ ነገር ሜዳ ላይ ወድቆ አይቀርም፤ አንድ አንሺ አያጣም። አንተስ፣ አሁን በጉያህ ሸሽገህ የያዝከው የማንን ማርከሻ ነው?

ግራጫው ይህን የተማረው አበስባሾቹ ተመልሰው በመጡ ጊዜ ነው። ባዶውን የሰማያዊቷን ቤት አቋርጠው ደጁ ደረሱ። መርዙን ረጨባቸው፤ አልወደቁም። ደግሞ ረጨ። ከፊት የነበረው ላዩን ጠረግ ጠረግ አደረገና ረጋ ብሎ እንዲህ አለው፦

“አትድከም ጌታዬ። ማርከሻው ጎረቤትህ እጅ ላይ ነበር፤ ሳይነካ ነው ያገኘነው።”