ጉልቻ ላይ የተጣደችው ፀሐይ

ድሮ ነው እንዳይባል ዘንድሮ ነው፤ ሩቅ ነው እንዳይባል ከገበያው ቀጥ ብሎ ሽቅብ ነው። እዚያ አምባው ጫፍ ላይ፣ ግራው ገደል ቀኙ ቋጥኝ የሆነ አንድ ጎጆ አለ። የአያ ደምለው ጎጆ ነው። አያ ደምለው በሕይወት ሳሉ፣ «በጥቅምት መግቢያ ለአምስት ጠዋት፣ መደቤ ላይ ጋደም ብዬ በመስኮቴ ሳይ፣ ፀሐይ እንደ ድስት በሦስቱ ተራሮች ጉልቻ ላይ ትጣዳለች» ይሉ ነበር። አገሩ ሳቀባቸው። ሦስቱ ጫፎች ገጥመው የሚታዩት ከዚያ መስኮት ብቻ ነው፤ ወጥቶ ለማየት ደግሞ ዳገቱ ያደክማል። መሳቅ ግን አያደክምም። በቀብራቸው ዕለት እንኳ አንዱ አፈር እየመለሰ፣ «ነፍሱን ይማረው፤ ውሸቱ ግን ይጥም ነበር» ሲል ልጃቸው አትጠገብ ሰማች።

አትጠገብ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ያን ሁሉ ዘመን ስታስተምር፣ ውሸታም ያላት ተማሪ አልነበረም። እናም ለአባቷ ሙት ዓመት የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ የዚያችን ፀሐይ ፎቶ። ካሜራዋን አንግታ ወጣች።

ወጀቡ ግን ቀድሟት ነበር። በመስከረም መጀመሪያ በረዶ መጣ፣ ቀጥሎ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ ሁለቱም ተመካክረው አብረው መጡ። ጎጆው ወገቡን እንደታመመ ሰው ዘምሞ፣ ምሰሶው ተሰብሮ፣ ጣሪያው ወርዶ መስኮቱ ላይ ተኝቷል። አትጠገብ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሦስት ሳምንት ጭቃ ረገጠች፣ ግድግዳ መረገች፣ ማገር አሰረች። ጎሕ ሲቀድ እጇን ትታጠብና ያገኘችውን በካሜራዋ ታነሣለች፤ ከቋጥኙ ሥር ግማሽ ፀሐይ፣ በጣሪያው ቀዳዳ ስንጥር ፀሐይ። ሙሉዋን ግን አላገኘችም። ጣሪያው ያለ ምሰሶ አልነሣ አለ፤ መስኮቱ ተጋርዶ ፀሐይን አላሳይ አለ።

ጥቅምት በባተ ዕለት አናጺው ስጦታው ዘንድ ወረደች።

«ምሰሶውማ ተጠርቦ ጓሮዬ ተጋድሟል፣ ቲቸር» አለ ስጦታው። «ግን በራሱ እግር ዳገት አይወጣ! መኳንንት በቅሎውን ያምጣና ትጎትተው።»

ይኸውላችሁ፤ ምሰሶው ዳገት አልወጣ አለ፤ ጣሪያው ያለ ምሰሶ አልነሣ አለ፤ መስኮቱ ተጋርዶ ፀሐይን አላሳይ አለ። አንድ ጠዋት አለፈ።

በማግስቱ ባለ በቅሎው መኳንንት በቅሎዋን እያሻሸ፣ «ትጎትተው ነበር» አለ። «ግን ጎርፉ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ ወንዝ አትገባም። እርጥበት ሲነካት እግሯን ያማታል።»

«አምና ትገባ አልነበር?»

«አምና ልጅ ነበረቻ!»

ድልድዩ የለም፤ በቅሎዋ ያለ ድልድይ አልሻገር አለች፤ ምሰሶው ያለ በቅሎ ዳገት አልወጣ አለ፤ ጣሪያው ያለ ምሰሶ አልነሣ አለ፤ መስኮቱ ተጋርዶ ፀሐይን አላሳይ አለ። ሁለት ጠዋት አለፈ።

በሦስተኛው ቀን የደቦውን አለቃ፣ አቶ ጥሩነህን፣ ከሰዎቹ ጋር ዋርካው ሥር አገኘቻቸው። ሁሉም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለዋል፤ ድልድዩ ከሄደ ጀምሮ ገበያ የሚሻገሩት እንዲያ ነው።

«ሁለት ግንድ መጣል ምን አላት፣ የግማሽ ቀን ሥራ ናት» አሉ አቶ ጥሩነህ። «ግን ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ጠላ አለው። ያለ ጠላ የተሠራ ድልድይ ምን ይባላል?»

«ድልድይ» አለች አትጠገብ።

«ኧረ ቲቸር፣ ወግ አለ እኮ!»

«ለስላሳ መጠጥ ላምጣ?»

ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ፤ አንዱ አማተበ። ደቦው ያለ ጠላ አልመጣ አለ፤ ድልድዩ ያለ ደቦ አልቆም አለ፤ በቅሎዋ ያለ ድልድይ አልሻገር አለች፤ ምሰሶው ያለ በቅሎ ዳገት አልወጣ አለ፤ ጣሪያው ያለ ምሰሶ አልነሣ አለ፤ መስኮቱ ተጋርዶ ፀሐይን አላሳይ አለ።

አትጠገብ እዚያው ፊቷን አዙራ የመንደሩ ጠላ ጠማቂ እማማ ትርንጎ ቤት ገባች። ጋኑ ሙሉ ነው፤ ሽታው ከደጅ ይጠራል።

«ለደምለው ጎጆ አልቀዳም» አሉ እማማ ትርንጎ።

«ምን አደረገዎት?»

«የዛሬ ስልሳ ዓመት ሽማግሌ ላከብኝ። ‹ከቤቴ ፀሐይ ጉልቻ ላይ ስትጣድ ታያለሽ› አለኝ። አባቴ፣ ‹ልጄን ለውሸታም አልሰጥም› ብሎ ለሌላ ዳረኝ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መጀመሪያ ፀሐይቱን አሳዪኝ፣ ከዚያ እቀዳለሁ።»

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። እማማ ትርንጎ ፀሐይዋን ሳላይ አልቀዳ አሉ፤ ደቦው ያለ ጠላ አልመጣ አለ፤ ድልድዩ ያለ ደቦ አልቆም አለ፤ በቅሎዋ ያለ ድልድይ አልሻገር አለች፤ ምሰሶው ያለ በቅሎ ዳገት አልወጣ አለ፤ ጣሪያው ያለ ምሰሶ አልነሣ አለ፤ መስኮቱ ተጋርዶ ፀሐይን አላሳይ አለ፤ ፀሐይዋን ያላዩት እማማ ትርንጎም አልቀዳ አሉ። የዋርካው ሥር ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ ነገሩ እንዲህ የተሟላ መሆኑ አኮራቸው።

አራተኛው ጠዋትም አለፈ። የቀረው አንድ ነው። አትጠገብ እማማ ትርንጎ ደጃፍ ቆመች።

«ይነሡ፣ እማማ።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ። ፀሐይ ወርዳ አትታይዎትም።»

«በዚህ ጉልበቴ? ወንዙስ?»

«አዝልዎታለሁ። ዳገቱንም ቢሆን።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «የአባትሽ ግትርነት!» አሉ፤ መቀነታቸውን አጠበቁ፣ ምርኩዛቸውን አነሡ።

ዋርካው ጋ ሲደርሱ ሰዎቹ ቀና አሉ።

«እማማ፣ በደኅና ነው? ወዴት ነው?» አሉ አቶ ጥሩነህ።

«የደምለውን ፀሐይ ለማየት ነው። እናንተ ተቀመጡ፤ አትድከሙ።»

አንዱ በሹክሹክታ፣ «እኛ ተቀምጠን የሰማንያ ዓመት ባልቴት ወንዝ ገቡ ከተባለ፣ ገበያ በምን ፊታችን እንወጣለን?» አለ። አቶ ጥሩነህ ብድግ አሉ። «ተነሡ! ግን ይታወቅልኝ፤ ይህ ደቦ አይደለም። እማማን ማሻገር ነው!»

እማማን ለማሻገር ሁለት ግንድ ጣሉ፤ ግንዱ ድልድይ ሆነ፤ መኳንንት ሰበብ አጥቶ የስጦታውን ምሰሶ ከበቅሎዋ ጋር አሰረ፤ በቅሎዋ ዕድሜ ልኳን ስትሻገር እንደኖረች ሁሉ ተሻገረች፤ እማማ በጀርባዋ፣ ምሰሶው በኋላዋ ዳገቱን ወጡ፤ ስጦታው ምሰሶውን አቆመ፤ ምሰሶው ጣሪያውን አነሣ፤ ጣሪያው መስኮቱን ለቀቀ። መሸባቸውና እዚያው አደሩ።

በአምስተኛው ጠዋት እማማ ትርንጎ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ አትጠገብ ከጎናቸው ተንበረከከች። ሰማዩ ቀላ። ሦስቱ ጫፎች እንደ ፍም ዳር ዳራቸው ጋለ። ፀሐይ ከኋላቸው ብቅ አለች፣ ከፍ አለች፣ መሐላቸው ልክ ብላ ተቀመጠች። ካሜራው ቀጭ አለ። ማንም አልሳቀም።

«ድስት እንኳ አትመስልም» አለ መኳንንት ቀስ ብሎ። «ጋን ናት።»

«ዝም በል፣ አንተ!» አሉ አቶ ጥሩነህ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር።

እማማ ትርንጎ ፀሐይ ጉልቻዋን ለቃ እስክትሄድ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«ውሸታም አልነበረማ» አሉ። «ሰነፍ ነበር እንጂ! ሽማግሌ ከሚልክ፣ ራሱ ወርዶ እጄን ይዞ ቢያወጣኝ ምን ነበረበት?»

በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «በሉ ውረዱ፤ እቀዳለሁ።»

ወረዱ፤ ጠጡ። ጋኑም አለቀ፣ ነገሩም አለቀ።