ማክሰኞ የተቀመሰ ጠላ

በእኛ ሰፈር ሰው ቸኩሎ ሲፈርድ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። ወጣቶቹ ከጥንት አባቶች የወረደ ይመስላቸዋል። አልወረደም። የተነገረው እዚሁ ወይራ አምባ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በእኔ ላይ ነው። ሲጠቅሱት እየሰማሁ ዝም ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን እኔው ልናገረው፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ይጨምርበታል።

ነገሩ ከበረዶው ይጀምራል። አንድ ዓመት በረዶው መስከረም ላይ፣ ገብሱ ሊያሽት ሲል ወረደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የጣለው። አባርቶ ስወጣ ማሳው የተላጨ ራስ መስሏል። ጥር ላይ አንዱን በሬዬን ሸጥኩ። ሚያዝያ ላይ ለዘር ያስቀመጥነውን በላን። ሰኔ ሲገባ መሬቱ ታርሶ የሚዘራ ዘር ጠፋ።

ያኔ ጎረቤታችን ወይዘሮ ትብለጥ ሁለት ቁና ገብስ ሰጠችኝ። ባሏ የሞተባት፣ ጠላ ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ገብሱ ለብቅል ያስቀመጠችው ነበር፤ ለእኔ በመስጠቷ ጋኗ ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ከረመ። «ለመኸር እመልሳለሁ» አልኳት። መኸሩ ሳሳ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዘግይቶ መመለሱ አሳፈረኝ። በሦስተኛው ዓመት ይበልጥ አሳፈረኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ሞላ። እሷ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። እኔ ግን በደጇ ማለፍ ትቼ በወንዙ በኩል መዞር ጀመርኩ። ለምን ሲሉኝ ለጤናዬ ነው እላለሁ።

በዘጠነኛው ዓመት እድራችን ለአዳራሹ ቴሌቪዥንና ዲሽ ገዛ። የብሔራዊ ቡድናችን ጨዋታ ሲኖር ሰው እንዲሰበሰብ፣ ጠላ እንዲቀርብ፣ ከሽያጩም ለድንኳን መግዣ እንዲተርፍ ተወሰነ። ጠላውን አንዲት ሴት ብቻ ታቅርብ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ እሷው ትቀጥል ተባለ። መራጩ እኔ ሆንኩ። በጉልምስናዬ በመንገድ ሥራ ካምፕ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩና፣ «ጋሽ ዘለለው ሳይመረምር አይቀበልም» አሉ። እኔም አመንኳቸው።

ሁለት ሴቶች ቀረቡ። አንዷ ከገበያው በላይ የምትኖረው ወይዘሮ አንቺናሉ ናት። ሌላዋ ትብለጥ። ትብለጥ ሥራውን ካገኘች የሚያፈሰውን የጓዳዋን ጣራ ቆርቆሮ እንደምታለብስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አውቃለሁ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ባልዲዋ ላይ ሲንጠባጠብ እቤቴ ድረስ ይሰማኛል።

ጨዋታው ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ለቅምሻ ወጣሁ። በካምፑ ሲሚንቶ ከመፈለጉ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ጠላ ከሲሚንቶ በምን ይበልጣል ብዬ።

አንቺናሉ ቤት ጠላው ደርሷል። እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሞልታ ሰጠችኝ። ጣፈጠኝ። ለማረጋገጥ ሁለተኛ ጠጣሁ። ሦስተኛውን ለምን እንደጠጣሁ አላስታውስም።

«በቃ፣ ይሄን ጋን ለጨዋታው አስቀምጪልኝ» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ እስከዚያማ ይበላሻል! ለቀኑ አዲስ እጠምቃለሁ።»

«የቀመስኩት ይሄን ነው። የምረከበውም ይሄንኑ ነው።»

የጋኑን አፍ በጨርቅ አስሬ፣ በወረቀት አሽጌ፣ ፈረምኩበት። በካምፑ እንዲህ ነበር የምንሠራው።

ከዚያ ትብለጥ ቤት ሄድኩ። ለወጉ ያህል ነው እንጂ ልቤ ቆርጧል። እሷን ብመርጥ «ዕዳውን በእድሩ ጠላ ከፈለ» ይሉኛል፤ ብተዋት ግን ለማንም የማያዳላ ዳኛ እባላለሁ። ከሁሉም በላይ ውድድሩን ሙሉ ፊቷን ከማየት እተርፋለሁ።

«ክፈችው» አልኳት።

«ጋሽ ዘለለው፣ ይሄ እኮ ገና ጥንስስ ነው። ጌሾና ብቅል ብቻ፤ ቂጣው እንኳ አልገባበትም።»

«ክፈችው።»

ከፈተችው። ጣቴን ነክሬ ላስኩ። ፊቴ ተጨማደደ።

«ይመራል።»

«ታዲያ ሊጣፍጥ ኖሯል? ለጨዋታው ቀን አስልቼ ነው የጠነሰስኩት። በዋዜማው ይምጡና ይቅመሱት።»

«ዳኛ በቀጠሮ አይቀምስም» አልኩ።

ትብለጥ ጨርቁን መልሳ እያሰረች ሳቀች። «ቀጠሮ ማራዘም እንኳ እርስዎ ያውቁበታል» አለችኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ገብሱ የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው። በወንዙ በኩል ዞሬ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ጋኑ መሀል ተቀመጠ። ማሸጊያዬን በሰው ሁሉ ፊት ቀደድኩት። ሽታው ቀድሞ ወጣ። መራጩ መጀመሪያ ይቅመስ ተባለና ቀመስኩ። ኮምጣጤ ሆኗል። ፊቴን ሳላጨማድድ ዋጥኩት።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሽ ወንድይራድ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል።

«ደህና ነው። ትንሽ ጠንከር ብሏል።»

አንድ ጊዜ ፉት አሉና ጣሳውን ከአፋቸው አራቁት። «ጠንከር ብሏል? ይሄማ የጥሩምባዬን ዝገት ያወልቃል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንቺናሉ ተነሥታ የተቀደደውን ወረቀት ከፍ አደረገች። «እኔ ተናግሬያለሁ! ፊርማው የማን ነው? እዩት!»

ጨዋታው ተጀመረ። እረፍት ሲወጡ ሁለት ለባዶ እየተመራን ነበር። ልናገር? ደስ አለኝ። ቡድኑ ከተሸነፈ ሰው የሚያወራው ስለ ኳሱ ነው፤ ጠላው ይረሳል። ተነሣሁና፣ «አልቋል። ሁለት ገብቶበት የተነሣ ቡድን አላየሁም። ቴሌቪዥኑን አጥፉትና ወደየቤታችን» አልኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ብቻዬን ወጣሁ።

እቤቴ ትንሽ እንደተቀመጥኩ ከአዳራሹ ጩኸት ተነሣ። ቆይቶ ሁለተኛ ተነሣ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ባለቤቴ የውብዳር።

«በጠላው ተጣልተው እየተደባደቡ ነው።»

ሦስተኛው ሲነሣ የውብዳር ቆጣ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው እየተደባደበ እልል ይላል?»

ወደ አዳራሹ ስመለስ ሦስት ለሁለት አሸንፈናል። በየሰው እጅ ጣሳ አለ፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ግን የእኔ ጠላ አይደለም። ለካ እኔ እንደወጣሁ ጋሽ ወንድይራድ ትብለጥ ቤት ሰው ልከዋል። ያን የመረረኝን ጥንስስ አልደፋችውም ነበር። ቂጣውን ጨምራ፣ ደፍድፋ፣ ውሃውን ሞልታ፣ በቀኑ አድርሳዋለች። ትብለጥ በመዳፏ ቀምሳ ለእኔም ቀዳችልኝ። ጠልሎ የጣሳው ታች ይታያል። ጠጣሁ። የምፈርደው ጠፋኝ። እድሩ እኔን ሳይጠይቅ ሥራውን ለእሷ ሰጠ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ቁና ገብስ በጆንያ ተሸክሜ በፊት ለፊቱ መንገድ ሄድኩ። ጋሽ ወንድይራድ ደጇ ላይ ተቀምጠው የትናንቱን ትራፊ ይጠጣሉ። ጆንያውን አወረድኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ትብለጥ።

«የዘሩ ገብስ ነው። ዘጠኝ ዓመት አቆየሁብሽ።»

ቁናዋን አምጥታ ሁለት ሰፈረችና የቀረውን በጆንያው ተወችው። «የሰጠሁት ሁለት ነው። ይሄን ለየውብዳር ይውሰዱላት።» ከገብሱ በእጇ ዘግና አየችው። «ጥሩ ፍሬ ነው፤ ለብቅል ይሆናል።»

ጀርባዬ ቀለለኝ። ሰው ሲቀለው አፉም ይቀለዋል መሰለኝ፤ ጥጉ ላይ ለቀጣዩ ጨዋታ የተጠነሰሰ አዲስ ጋን ሳይ ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ገለጥኩና አሸተትኩት።

«ይሄኛው ግን ጌሾው አልበዛም?» አልኩ።

ትብለጥ ዞራ ጋሽ ወንድይራድን አየቻቸው። ሽማግሌው ጣሳቸውን አስቀመጡ፣ ለቀብር ሊለፍፉ ሲሉ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኹ፦ «ጠላ በጥንስሱ፣ ጨዋታ በእረፍቱ አይፈረድም!»