በሐጂ ቡሽራ ዱዓ ዘይቱ የበዛው መኪና

በዳዩ ሐጂ ቡሽራ ናቸው፤ ተበዳይዋ ዙበይዳ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የደጋግ ሰዎች ታሪክ ሲወራ ደጉ ሰው ሁልጊዜ ተበዳይ ሆኖ ስለሚቀርብ ነው። እንዲህ ያለውን ስንሰማ አድገን ደግ ሰው የማይሳሳት ይመስለናል። ሐጂ ቡሽራ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ተሳስተዋል። እኔ የምወዳቸው ግን ከስህተቱ ወዲያ ባደረጉት ነው።

የከተማዋ ስም ይቅርብን። መስጊዷ ከገበያዋ የቀደመ፣ የጭነት መኪኖች ከቆላ ማሽላና ማሾ ጭነው እያቃሰቱ የሚወጡባት የዳገት ላይ አሮጌ ከተማ ናት። ሐጂ ቡሽራ ከመስጊዱ ጀርባ ጋራዥ ነበራቸው። ጠዋት ኪታብ ያቀራሉ፤ ረፈድ ሲል ቱታቸውን ለብሰው መኪና ሥር ይገባሉ። “ሐጂ፣ ሁለቱን እንዴት አድርገው ያስታርቋቸዋል?” ሲሏቸው “ሁለቱም ጎንበስ ማለት ይፈልጋሉ” ይሉ ነበር።

ዙበይዳ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የተወላት ሰፊ ግቢ ብቻ ነው። እሷም አጥሩን አጠናክራ፣ የብረት በር አቁማ፣ መኪና ማሳደሪያ አደረገችው። ስምንት የጭነት መኪና ያድርባታል። ምላሷ ስለት ነው፤ አማናዋ ግን ምላሷን ያስረሳል። ሾፌሩ ወንበር ላይ የረሳው ግማሽ ዳቦ እንኳ ጠዋት እዚያው ይጠብቀዋል።

ነገሩ የመጣው በይመር መኪና ነው። ይመር አሮጌ መኪናውን ራሱ ይነዳል። መኪናዋ በአንድ ጎን ዘይት፣ በሌላው ጎን ናፍጣ ታንጠባጥብ ነበርና ሐጂ ዘንድ ወሰዳት። ሐጂ ሞተሩን አጠቡት፣ አደረቁት፣ ደቃቅ ኖራ ነሰነሱበት። ከዚያ አስነሱት። ነጩ ኖራ የሚረጥብበት ቦታ፣ ቀዳዳው እዚያ ነው። በዚህ ዘዴ ዘይት የሚያፈሰውን የሞተር ክዳን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀየሩ፤ የላላውን የናፍጣ ቧንቧም አጠበቁ። ሲጨርሱ ከመኪናዋ ሥር ነጭ አቡጀዴ አንጥፈው አሳደሯት። ሲነጋ አቡጀዴው ሶላት የሚሰገድበት ንጹሕ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ይመር ተመልሶ መጣ።

“ሐጂ፣ ናፍጣው አሁንም ይጎድላል። ለስድስት ቀን የሚበቃኝ ስድስተኛው ቀን ሳይመሽ አለቀ።”

ሐጂ ካርቶን ዘርግተው መኪናዋ ሥር ገቡ። ቆይተው ወጡ። እጃቸውን እየጠረጉ “መኪናህ ጠብታ አታፈስም። ሌላ ቦታ ፈልግ” አሉት።

እንግዲህ መኪናዋ ካላፈሰሰች ሰው ቀድቶታል ማለት ነው። የምታድረው ደግሞ ዙበይዳ ግቢ ነው። ይመር በማግስቱ መኪናውን ከግቢው አወጣ። ዝም ብሎ ቢያወጣ ባልከፋ፤ “ሐጂ ቡሽራ መርምረው ነው” እያለ ለሾፌሩ ሁሉ ተናገረ። የሐጂ ቃል በዚያች ከተማ እንደ ቃዲ ፍርድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀሩት ሰባቱም መኪኖች ተከታትለው ወጡ። ከዙበይዳ ግቢ የወጣው እንጀራዋ ብቻ አልነበረም፤ ገበያ ስትወርድ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ወደ ራሳቸው ይስቡ ጀመር።

ዙበይዳ ጋራዡ ድረስ ሄደች።

“ሐጂ፣ ሌባ ናት ብለውኛል?”

“ስምሽን አላነሳሁም፣ ልጄ። መኪናው አያፈስም ነው ያልኩት።”

ትንሽ አየቻቸው። ያች ምላሰኛ ሴት ያን ቀን ሻርፗን አስተካክላ ሄደች።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሐጂ ጋራዣቸው ደጃፍ ከሰዎች ጋር ተቀምጠው ሳለ ይመር ሙክት እየጎተተ መጣ። መኪናዋንም አቁሟታል።

“ይህ ለአንቱ ነው” አለ።

“ምን አድርጌ?”

“ያች መኪና በሳምንት አንድ ሊትር ዘይት ትጠጣ አልነበር? አንቱ ቢስሚላህ ብለው ከነኳት ወዲህ መጠጣቷን ተወች። ተወች ብቻ? ዘይቱ እየጨመረ ነው። ጠብ ሳላደርግበት ከመስመሩ በላይ ወጥቷል።”

“ሱብሐነላህ” አሉ ተቀማጮቹ። “ይህማ ተአምር ነው፤ ከራማ ነው” አለ አንዱ። የእኛ ወንዶች ለከራማ ሲሆን አፋቸው ፈጣን ነው፤ የሴት ስም ለማጥራት ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ። ለካ ወሬው ቀድሞ ተዳርሶ፣ በዚያው ሳምንት ሦስት ሾፌሮች ሞተራቸው ላይ ዱዓ እንዲያደርጉላቸው ሐጂን ሲለምኑ ሰንብተዋል። ሐጂ ነገሩ ግራ ገብቷቸው ነበር።

“ኮፈኑን ክፈተው” አሉ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፤ ጠረጉት፤ መልሰው ነክረው አወጡት። ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሹት። አሸተቱት። ጣታቸውን ሳይጠርጉ ወደ ይመር ዞሩ።

“ይመር፣ ናፍጣው አሁንም ይጎድልብሃል?”

“ይጎድላል ሐጂ። አዲሱ ግቢም ሌባ አለው መሰለኝ፤ ሦስተኛ ግቢ እየፈለግኩ ነው።”

“አትፈልግ። ሌባው ይኸውልህ።” ጣታቸውን ዘረጉለት። “አሽትተው።”

ይመር አሸተተ። “ናፍጣ ናፍጣ ይላል።”

“ዘይት አይወልድም፣ ይመር። የበዛልህ የገዛ ናፍጣህ ነው።”

ቱታቸውን አጥልቀው ከሞተሩ ጎን ያለችውን ናፍጣ የምትስብ ትንሽ ፖምፓ ፈቷት። ውስጧ ስስ ጎማ አለ። ጎማውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ቢያዩት ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብርሃን አሳለፈ። ሞተሩ በሠራ ቁጥር ናፍጣው በዚያች ስንጥቅ እየሾለከ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ አይወጣም፤ ኖራ ቢነሰነስ፣ አቡጀዴ ቢነጠፍ አይታይም። ዘይቱም እንደ ውኃ ቀጥኖ ብረት ከብረት እያፋጨ ነው። ትንሽ ቢቆይ ያ ከራማ መኪናዋን ሙሉ ጭነት እንደያዘች ዳገት ላይ ይገትራት ነበር።

ሐጂ ጎማውን ቀየሩ፤ የተበላሸውን ዘይት አፍስሰው አዲስ ሞሉ። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ የልብ ወዳጃቸው፣ ጠጋ አላቸው።

“ሐጂ፣ ጎማዋ ተቀይራለች፤ እንግዲህ ዝም ይበሉ። ሰው በአንቱ ኢማኑ በርትቷል። ይመር መኪናውን ወደ ሴትዮዋ ይመልስ፤ ነገሩ በዚያው ይብረድ።”

“በምን በረታ? በተቀደደች ጎማ?” አሉ ሐጂ። ወደ ይመርም ዞረው “ሙክትህን ውሰድ። የሴት ሐቅ በልቼ በላዩ ሥጋ አልጨምርም” አሉት።

በማግስቱ ጁምዓ ነው፤ የገበያም ቀን ነው። ሶላቱ እንዳበቃ ሐጂ ተነሥተው ለጀመዓው ከኖራው እስከ ጎማው አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። “ከራማ ያላችሁት የእኔ ጉድለት ነው” አሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን እየያዙ በእግራቸው ወደ ዙበይዳ ግቢ ወረዱ፤ ሰዉም ተከተለ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

“ዙበይዳ፣ መሬቱን አየሁ፤ የሞተሩን ሆድ አላየሁም። ያላየሁትን ‘የለም’ አልኩ። ወንጀሉ የእኔ ነው፤ አፉ በይኝ።”

ይህች የሐጂ ንግግር አጭር ናት፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ተሸክሜአታለሁ። ውሸት ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዓይናችን ከደረሰበት አልፎ መመስከርም ከውሸት እኩል ሰው እንደሚቀብር ግን ማን ልብ ይላል? ሐጂ “ስሟን አላነሳሁም” በሚለው ተከልለው መኖር ይችሉ ነበር። ያ ከለላ ለሁላችን ይበቃል፤ እኛ ሴቶች በየደጃፉ ስንተማማ ከእሱ ሥር ነው የምንቀመጠው፣ እኔም ጭምር። ስም ሳይጠራ የጠፋ ስም የሚመለሰው ግን ስም በመጥራት ነው። እሳቸውም የእሷን ስም ከመጥራታቸው በፊት የራሳቸውን ጠሩ። ከዘይት መብዛት ይልቅ ከራማ ያልኩት እኔ ይህን ነው።

ዙበይዳ የብረት በሯን ይዛ ቆመች። “አፉ በያቸው እንጂ፤ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ቆመው” አላት ከኋላ አንዱ። እሷ ዓይኗን በሾፌሮቹ ላይ አዞረች፤ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ ወደ ሐጂ ተመልሳ እንዲህ አለች፦

“አፉ ብያለሁ ሐጂ፤ ዱንያም አኼራም አልጠይቅዎትም። ግን መኪናዋ ስትወጣ አገር አይቷል፤ ስትገባም አገር ይያት። ገበያው ሳይበተን፣ ይመር ሳይሆን አንቱው ራስዎ ነድተው ያስገቡልኝ፤ በገበያው መሐል፣ ጡሩምባውን ሳያቋርጡ።”