የአማት በርጩማ

ተረት ተረት፣ የእንጨት በረት።

አንድ ችኩል ዝንጀሮ ነበር አሉ። የእጮኛው እናት እሁድ ሊያዩት እንደሚመጡ ሰማና ቤቱን ዞር ብሎ ቢያይ፣ ከወለሉ በቀር መቀመጫ የሚባል የለም። ወደ አናጺው ግንደ ቆርቁር ሮጠ።

«ጋሼ፣ በርጩማ መሥራት ያስተምሩኝ።»

«እሺ ልጄ። መጀመሪያ ግንዱን ቆርጠህ ጥላ ሥር አኑረው፤ ሦስት ወር ይድረቅ።»

«ሦስት ወር ሙሉ እንጨት ሳይ ልከርም? ሙያውን ሊደብቁኝ ነው እንጂ» እያለ ተነጫንጮ ሄደ።

እርጥቡን ዋንዛ በአንድ ቀን ጠረበው። መሃሉ ቢሰነጠቅበትም በቅቤ ደፈነው።

እሁድ አማት ሆዬ በክብር ተቀመጡ። ሲቀመጡ የተከፈተው ስንጥቅ፣ ሊነሱ ሲሉ ጭራቸውን ነክሶ ያዘ። በርጩማውም አብሯቸው ተነሳ። ቢጎትቱት ወይ ፍንክች።

ዝንጀሮ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ግንደ ቆርቁር ተመለሰ። «ጋሼ፣ በምን ይላቀቃል?»

«እንጨቱ ሲደርቅ ስንጥቁ ራሱ ይከፈታል።»

«መቼ ይደርቃል?»

«በሦስት ወር ነዋ።»

ቤቱ ሲገባ አማት በርጩማቸውን እንዳንጠለጠሉ ድስቱን ከፍተው ይቀምሳሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «ወጡ ጨው አንሶታል።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በእሸት አብሱ።