የዐሥራ አንደኛው ተጠቃሚ ፊርማ

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ማተሚያ ቤቶች የተማሪ ደብተር ለማድረስ በሚሯሯጡበት ሳምንት ነው። የሰርቨር ሶፍትዌር ፈቃድ ተቆጣጣሪው አቶ ልሳነወርቅ ወደ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ገቡ። ፈቃዷ ለዐሥር ተጠቃሚ ነበር። ዐሥሩም በገዛ እጃቸው ቅጽ እንዲፈርሙ አዘዙ፤ “ውክልና አልቀበልም!” ብለውም ዕቃ ሊያደርስ የወጣውን ሾፌር ከመንገድ አስመለሱት።

ሰርቨሩ ሲከፈት ግን ዐሥራ አንድ ስም ተገኘ።

“ተካ የሚባለው ማነው?”

“የመጋዘን ኃላፊያችን ነበሩ፤ ዐርፈዋል” አለች ሰርቨሩን የምትቆጣጠረው ሴት። “አርባቸው ሳይወጣ ስማቸውን መሰረዝ ከብዶን ነው።”

የአቶ ልሳነወርቅ ፊት በራ። “እመቤት፣ ደንቡ የሚቆጥረው ስም እንጂ ነፍስ አይደለም። ስሙ እስካለ ሰውዬው ተጠቃሚ ነው። ፈቃድ አሁኑኑ ካልገዛችሁለት ሰርቨሩን እዘጋለሁ!”

ሰርቨሩ ከተዘጋ ደብተሩ ለትምህርት መክፈቻ አይደርስም። ሴትዮዋ ግን አልተከራከረችም፤ ባዶ ቅጽ አንስታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

“እሺ ጌታዬ፣ እርስዎ ካሉ ተጠቃሚ ናቸው። መቃብራቸው ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከበሩ በስተቀኝ። ያስፈርሟቸውና ዛሬውኑ እንገዛለን። ውክልና አልቀበልም ባይሉ እኔው እፈርምላቸው ነበር።”

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። አቶ ልሳነወርቅ ቅጹን አጥፈው ወጡ፤ ሰርቨሩም ሳይዘጋ ቀረ።

ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት አቶ ልሳነወርቅ አንድ ወሬ ደረሳቸው። የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሰርቨር ራሱ ሲፈተሽ ከፈቃዱ በላይ አንድ ተጠቃሚ ተገኝቶበት ነበር፤ ትርፉ ስም የእሳቸው ነው።