መብራት ያቃጠለው ስታቢላይዘር

አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ያለቻትን አንዲት ኮምፒውተር እንዲጠብቅላት ስታቢላይዘር ገዛች። በሦስተኛው ቀን ስታቢላይዘሩ ጨሰና ቀረ፤ ኮምፒውተሯም ለጥቂት ተረፈች። የአንድ ዓመት የዋስትና ወረቀቷን ይዛ ወደ ሻጩ ወደ አቶ ምንዳዬ ሄደች።

አቶ ምንዳዬ ገዢ በሞላበት ሱቃቸው መነጽራቸውን አድርገው እንደ ዳኛ ተቀመጡ።

«ልጠይቅሽ፤ ይኼ ዕቃ ከመቃጠሉ በፊት መብራት ሄዶ መጥቷል ወይስ አልመጣም?»

«መጥቷል፤ ያውም ሦስት ጊዜ።»

«ይኸው፣ በገዛ አፏ አመነች» አሉ ወደ ገዢዎቹ ዞረው። «ዋስትናችን መብራት ያቃጠለውን አይመለከትም፤ አንቀጽ አራት ላይ ተጽፏል። አጠቃቀሙን ሳታውቂ ገዝተሽ እኛን አትጨቅጭቂን።»

ሴትየዋ ስታቢላይዘሩን ቀስ ብላ ወደ ካርቶኑ መለሰች።

«ልክ ነዎት ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኮምፒውተሬን ይጠብቃል ብዬ ገዛሁት፤ ለካ እሱን መጠበቅ የነበረባት እሷ ኖራለች። ግን ለእነዚህ ሰዎች ይዘኑላቸው። መድኃኒት ላይ ‹ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ› ይባል የለ? እርስዎም ካርቶኑ ላይ ‹መብራት በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ› ብለው ይጻፉላቸው።»